ላርጅ ፎርማት ፎቶ ጎንደር ላይ በትንሽ ገንዘብ፦ ከመነጽር ቤት ሌንስ እስከ ቡና ዲቨሎፐር

ላርጅ ፎርማት ሲነሳ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው "ካሜራው ስንት ነው?" ብሎ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ግን ካሜራው አይደለም። ካሜራ አንዴ ይገዛል፣ አለቀ። ጣጣው ፊልሙ ነው፤ በሉክ እየተቆጠረ፣ አንድ ፎቶ አንድ ሉክ እየበላ ይሄዳል፣ ጀማሪ ደግሞ ማበላሸቱ አይቀርም። ስለዚህ የምነግራችሁ መንገድ የአንዷን ፎቶ ዋጋ ከማውረድ ይጀምራል፦ ሌንስ ከመነጽር ቤት፣ ሳጥን ከአናጢ፣ በፊልም ፋንታ የፎቶ ወረቀት። እንደልባችሁ አበላሽታችሁ እጃችሁ ሲፈታ ወደ ፊልም ታልፋላችሁ።

ለማያውቀው፣ ላርጅ ፎርማት የሚባለው ፊልሙ እንደ ጥቅል ሳይሆን በነጠላ ሉክ የሚገባበት ትልቅ ካሜራ ነው። የተለመደው መጠን 4×5 ኢንች ነው፣ በእኛ ልክ ወደ 10 በ12.5 ሴንቲ ሜትር። ስፋቱ ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ፍሬም ከ14 እጥፍ ይበልጣል። ከዚህ ሌላ ትልቁ ጥቅሙ ሌንሱን ከፊልሙ ለይቶ ከፍና ዝቅ ማድረግ መቻሉ ነው። የፋሲል ግንብን በስልክ አንስታችሁ ማማዎቹ ወደ ኋላ የወደቁ መስለው አልታዩም? እሱን የሚያስተካክለው ይሄ ነው፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሌንሱ

ከተማ ውስጥ ካሉት መነጽር ቤቶች ወደ አንዱ ሂዱና ፕላስ 6 የሆነ፣ ገና ለፍሬም ያልተቆረጠ ክብ ሌንስ ጠይቁ። የሐኪም ወረቀት ቢጠይቋችሁ "ጋሼ፣ ለዓይን አይደለም፣ ለካሜራ ነው" በሉ፤ መገረማቸው አይቀርም፣ ግን ይሸጡላችኋል። ለምን ፕላስ 6? 1000ን ለመነጽሩ ቁጥር ስታካፍሉ የሌንሱ ፎካል ሌንግዝ (የሩቅ ነገር ምስል ጥርት ብሎ የሚያርፍበት፣ ከሌንሱ ያለው ርቀት) በሚሊ ሜትር ይወጣል፤ 1000 ለ6 ደግሞ 167 ነው። ለ4×5 መደበኛ የሚባለው 150 ስለሆነ በጣም ቅርብ ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ፀሐይ ላይ የሚጠቁረውን ዓይነት እንዳትወስዱ። "ብሉ ከት" የሚባለውንም ተዉት፤ የፎቶ ወረቀት በዋናነት የሚያየው ሰማያዊ ብርሃን ነው፣ ያ ሌንስ ደግሞ ሥራው ከዚያው ብርሃን ላይ መቀነስ ነው። ተራው፣ ርካሹ፣ ምንም ያልተቀባው ነው የሚፈለገው።

የመነጽር ሌንስ በአንድ በኩል ጎድጎድ፣ በሌላው በኩል ሆዱ ወጣ ያለ ነው። ጎድጓዳውን ወደ ውጭ፣ ወደሚነሳው ነገር አዙሩት፤ ከፊቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ደግሞ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ቆርቆሮ አስቀምጡ። ይህን አቀማመጥ እንግሊዛዊው ዊልያም ሃይድ ዎላስተን በ1812 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ገልብጣችሁት ብትሞክሩ መሀሉ ብቻ ጥርት ብሎ ዳር ዳሩ ሲሟሟ ታያላችሁ።

ቀዳዳው አፐርቸራችሁ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት በር ነው። ሦስት ቆርቆሮ ቁረጡና በመሰርሰሪያ 10፣ 5 እና 4 ሚሊ ሜትር ብሱ። 167ን ለቀዳዳው ስፋት ስታካፍሉ የኤፍ ቁጥሩ (ሲበዛ ቀዳዳው ጠባብ ነው ማለት ነው) ይወጣል፦ 10 ሚሊ ወደ ኤፍ/17፣ 5 ሚሊ ወደ ኤፍ/33፣ 4 ሚሊ ወደ ኤፍ/42። የተበሳውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና በጥቁር ቀለም ቀቡት፤ የሚያብረቀርቅ ጠርዝ ፎቶውን ያደበዝዛል።

ሸተር፣ ብርሃኑን ከፍቶ የሚዘጋው መሣሪያ፣ አያስፈልግም። ወረቀት ለብርሃን ቀርፋፋ ስለሆነ ኤክስፖዠሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) በሰከንድ የሚቆጠር ነው፣ የጣሳ ክዳን ከፍቶ መዝጋት ይበቃል።

ሳጥኑ

አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ሁለት ሳጥን ነው፣ በቃ። የፊተኛው ሌንሱን ይይዛል፣ የኋለኛው ወረቀቱን፤ ሲራራቁና ሲቀራረቡ ፎከስ ይስተካከላል። የእያንዳንዱ ጥልቀት 12 ሴንቲ ይሁን። ሩቅ ነገር ስታነሱ በሌንሱና በወረቀቱ መካከል 16.7 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፣ አንድ ሜትር ላይ ያለ ሰው ስታነሱ ደግሞ 20፤ ስለዚህ ሁለቱ ሳጥኖች ሁልጊዜ ቢያንስ 4 ሴንቲ ተደራርበው ይቀራሉ፣ ብርሃንም አይሰርግም። ውስጠኛው ስፋት 15 በ15 ቢሆን ወረቀቱን በቁሙም በአግድሙም ማስገባት ትችላላችሁ።

ለአናጢው ቀጭን ኮምፔንሳቶ፣ ኮላ፣ ውስጡ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ብላችሁ ንገሩት። ልኩን በቃል አትንገሩ፣ በወረቀት ሥላችሁ ስጡት። ሳጥኖቹ በሚተሻሹበት ቦታ ዙሪያውን ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ለጥፉ፤ ብርሃን የሚዘጋው እሱ ነው፣ መንሸራተቱንም ያለሰልሰዋል።

አሁን ዋናዋ ብልሃት። ሌንሱ የተገጠመባትን ሰሌዳ በሳጥኑ ላይ አታጣብቋት። ከሚያስፈልገው በላይ ረዘም አድርጋችሁ ቁረጧትና ወደ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር እንድትንሸራተት በሁለት ጎን ሐዲድ አብጁላት። ለካሜራችሁ ውድ ካሜራ የሚያደርገውን ትልቁን ሥራ የምትሰጠው ይህች ናት።

ከሳጥኑ በታች ለትራይፖድ የሚሆን ብሎን ማሰሪያ ያስፈልጋል። የትራይፖድ ብሎን ሩብ ኢንች ነው። ስድስት ሚሊ ብሎን የሚመስል ስለሆነ ሱቅ ውስጥ "ይሄው ነው" ብለው ይሰጧችኋል፤ ጥርሱ ግን አይገጥምም፣ በግድ ከገባ ሁለቱንም ይበላቸዋል። ትራይፖዱን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሞክሩ።

ማያ መስታወትና ሆልደር

ፎከስ የምታዩበት የደበዘዘ መስታወት ይፈለጋል። መስታወት ቤት 2 ሚሊ መስታወት አስቆርጡና ጋራዥ ውስጥ ቫልቭ በሚያሹበት ቅባት፣ በሌላ ትንሽ መስታወት እየተጫናችሁ ክብ ክብ አሹት። አንድ ወጥ ብዥታ እስኪይዝ ድረስ ነው። ትዕግስቱ ከሌላችሁ ንጹህ መስታወት ላይ የነዳፊዎች ትሬሲንግ ፔፐር ለጥፉ፣ ትንሽ ይጨልማል እንጂ ይሠራል።

ለካሜራው ከውጭ ማስመጣት ያለባችሁ አንድ ነገር ቢኖር ሆልደር፣ ወረቀቱን ከብርሃን ሸፍኖ የሚይዘው ነው፣ ያገለገለ 4×5፣ ፊደሊቲ ወይም ሊስኮ የሚባለው። ሁለት ይበቃል፤ እያንዳንዱ ግራና ቀኝ ሁለት ሉክ ይይዛል። ሆልደሩ ውስጥ ወረቀቱ የሚቀመጠው ከፊቱ ጠርዝ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ነው፣ የማያ መስታወቱ የተፈተገ ፊትም በትክክል በዚያው ጥልቀት መቀመጥ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ሚሊ ብትስቱ መስታወቱ ላይ ጥርት ብሎ ያያችሁት ወረቀቱ ላይ ብዥ ይላል፣ ጥፋቱንም ሌንሱ ላይ ታላክካላችሁ። የሆልደሩ መሸፈኛ አንድ ጎኑ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር እጀታ አለው፦ ነጩ ወደ ውጭ ከሆነ ገና አልተነሳም፣ ጥቁሩ ከሆነ ተነስቷል ማለት ነው።

ራሳችሁን የምትሸፍኑበት ጨርቅም አለ። ጥቁር ብቻ ከሆነ የቀትር ፀሐይ ላይ ውስጡ ይፈላል። አሮጌ ጋቢ ላይ ከውስጥ በኩል ጥቁር አቡጀዴ አሰፉበት፤ ነጩ ሙቀቱን ይመልሳል፣ ጥቁሩ ያጨልማል፣ በክረምት ደግሞ ትለብሱታላችሁ።

ወረቀቱ

የሚፈለገው ለጨለማ ክፍል የሚሆን የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ነው፤ ፕላስቲክ የተቀባው ዓይነት ቶሎ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል። የቀለም ፎቶ ቤቶች የሚጠቀሙበት ወረቀት ለዚህ አይሆንም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አንድ ፓኬት 8×10 ኢንች አስልኩ። የአየር ማረፊያ ፍተሻ እንዲህ ላለ ቀርፋፋ ወረቀት አያስፈራም፤ ፈጣን ፊልም ሲሆን ግን በእጅ እንዲፈተሽ መለመን ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ማስገባትማ ጭራሽ አይታሰብም።

8×10ን ለአራት ስትቆርጡ ልክ 4×5 ይወጣል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሆልደሩ የሚቀበለው ወደ 100 በ125 ሚሊ ሜትር ነው፣ የተቆረጠው ደግሞ 101.6 በ127 ስለሚሆን አይገባም። በሁለቱም በኩል ሁለት ሚሊ ቀንሱ። ሥራው በቀይ መብራት ስለሆነ አስቀድማችሁ ካርቶን ላይ የልክ ማቆሚያ ሥሩ።

ጨለማ ክፍል ያላችሁት ማንኛውም ጓዳ ወይም ሽንት ቤት በማታ ነው። መብራት ቢጠፋ እሰየው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያግዛችኋል። በባትሪ የሚሠራ ቀይ አምፖል ወይም የብስክሌት የኋላ መብራት ይበቃል፣ ግን ፈትሹት፦ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ፣ ቀዩ መብራት ሥር 5 ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ከታች "ማጠብ" ላይ እንደምነግራችሁ እጠቡት። የሳንቲሙ ክብ ነጭ ሆኖ ዙሪያው ከጠቆረ መብራታችሁ ቀይ አስመሳይ ነው፣ ቀይሩት።

ማንሳት

ወረቀቱን አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ፍጥነት) 6 ብላችሁ ጀምሩ። የስልክ ላይት ሜትር (ብርሃን መለኪያ) አፕሊኬሽን እስከዚያ ካልወረደ 100 ላይ አድርጉና የወጣውን ሰዓት በ16 አባዙ። የደረቅ ወራት ፀሐይ ላይ፣ በ4 ሚሊ ቀዳዳ፣ ከ1 እስከ 2 ሰከንድ ይሆናል። ጥላ ውስጥ ያው ቀዳዳ ወደ 9 ሰከንድ ይፈልጋል።

ሜትሩ የማይነግራችሁ ነገር ግን አለ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ወርቃማ ሲሆን ለዓይን ደስ ይላል፣ ሜትሩም በቂ ነው ይላል፣ ወረቀቱ ግን ቢጫና ቀይ ስለማያይ ፎቶው ጨልሞ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ሰዓቱን እጥፍ አድርጉ። በተቃራኒው ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች የቀትሩ ሰማይ ሰማያዊነቱ ብርቱ ነው፣ ሰማዩ በፎቶው ላይ ወረቀት መስሎ ነጭ ይሆናል። የመስከረም ደመና አነሳለሁ ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ፣ አይታይም።

አሁን ወደ ፋሲል ግቢ። ትራይፖድ ይዞ መግባት ጥያቄ ስለሚያስነሳ በር ላይ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሳጥኑንም ከፍታችሁ አሳዩ። ግንቡ ፊት ስትቆሙ የመጀመሪያው ስሜት ካሜራውን ወደ ላይ ማቅናት ነው። አታድርጉት። ካሜራው ቀጥ ብሎ ይቁም፣ የኋላው መስታወት ከግድግዳው ጋር ትይዩ ይሁን፤ የስልካችሁን ውሃ ልክ ተጠቀሙ። በመስታወቱ ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ስለሚታይ የማማው ጫፍ ከታች ተቆርጦ ታገኙታላችሁ፣ ሜዳው ደግሞ ግማሹን ፍሬም ይዞታል። ያኔ የሌንሱን ሰሌዳ ወደ ላይ ግፉ። ሜዳው እየቀነሰ ማማው እየገባ ይመጣል፣ መስመሮቹም ቀጥ እንዳሉ ናቸው።

ሒሳቡን ለሚወድ፦ 30 ሜትር ያህል የሚረዝም ግንብ ወረቀቱን በቁሙ አድርጋችሁ፣ ካሜራውን ሳታዘነብሉ ሙሉውን ለማስገባት 77 ሜትር ያህል መራቅ ይጠይቃል። ሰሌዳዋን 3 ሴንቲ ከፍ ስታደርጉ 52 ሜትር ይበቃል። ግቢው ውስጥ ዛፍና ሌላ ግንብ ሳይጋርድ ያን ያህል መራቅ የሚቻልበት ቦታ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ያቺ 3 ሴንቲ ብዙ ነገር ትወስናለች።

መስታወቱ ላይ ፎከስ የምታደርጉት በትልቁ 10 ሚሊ ቀዳዳ ነው፣ ምስሉ ደመቅ እንዲል። ከዚያ ቀዳዳውን ወደ 4 ሚሊ ቀይሩ። አንዷ የመነጽር ሌንስ ሰማያዊውን ብርሃን ዓይን ከሚያየው ትንሽ ቀረብ ብላ ስለምትሰበስብ ትንሽ ቀዳዳ ካልተጠቀማችሁ ፎቶው ብዥ ይላል። ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፦ ክዳን ዝጉ፣ ሆልደር አስገቡ፣ መሸፈኛውን ሳቡ፣ ሳጥኑ እስኪረጋጋ ትንሽ ጠብቁ፣ ክዳን ክፈቱ፣ ቁጠሩ፣ ዝጉ፣ መሸፈኛውን ጥቁሩን ወደ ውጭ አድርጋችሁ መልሱ።

ሰው ማንሳት ሌላ ዓለም ነው። ወረቀት የእኛን ቆዳ ከእውነቱ አጥቁሮ፣ ነጠላውን ደግሞ አንጸባርቆ ነው የሚያወጣው፤ ፀሐይ ላይ ነጠላ የለበሱ እናት ብታነሱ ጥልፉ ጠፍቶ ነጭ ንጣፍ ብቻ ይቀራል፣ ፊታቸው ግን ጥላ ይመስላል። መፍትሔው ጥላ ነው። ከቤት በረንዳ ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙረው ይቀመጡ። እዚህ ትንሽ ብዥታውን ችላችሁ በ10 ሚሊ ቀዳዳ አንሱ፤ አንድ ሜትር ላይ ወደ 2 ሰከንድ ይሆናል። ለፊታቸው ለኩ፣ ለነጠላው አትጨነቁ። "እማማ፣ እዚያ ግድግዳው ላይ ጭንቅላትዎን አስደግፉ፣ እስክጨርስ እንዳይነቃነቁ" ካላችኋቸው ከወጣቶቹ ይልቅ እሳቸው ጸጥ ብለው ይቀመጡላችኋል። ፈገግታ ግን አትጠይቁ፤ 2 ሰከንድ የቆየ ፈገግታ የጥርስ ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሰው ያስመስላል።

ማጠብ

ዲቨሎፐር፣ ምስሉን ወረቀቱ ላይ የሚያወጣውን ኬሚካል፣ ካገኛችሁ ግዙ። ካጣችሁ በቡና ይሠራል፣ ቀልድ አይደለም። ካፌኖል ይባላል፣ በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ስኮት ዊልያምስና ተማሪዎቹ የጀመሩት ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ፦

ዋሺንግ ሶዳ 54 ግራም
ንጹህ የቫይታሚን ሲ ዱቄት 16 ግራም
ፈጣን ቡና፣ ኔስካፌ ዓይነት፣ 40 ግራም

የጀበና ቡና ይሆናል ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። ይሆናል፣ ግን አንዱ ቀን ወፍራም አንዱ ቀን ቀጭን ስለሚሆን ውጤቱ ይዋዥቃል፤ አቦሉን ጠጡት። ዋሺንግ ሶዳ ካጣችሁ 85 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በብረት መጥበሻ ላይ ዘርግታችሁ በደንብ እያመሳችሁ ከአንድ ሰዓት ላላነሰ አግሉት፣ እንፋሎቱ ወጥቶ ወደ 54 ግራም ይወርዳል። ሚዛኑ እዚያ ካልደረሰ ገና ነው። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ አታምታቱ። ቫይታሚን ሲውም ውሃ ውስጥ የሚፈላው ክኒን አይሁን፣ አሲድና ሶዳ ተጨምሮበታል።

መጀመሪያ ሶዳው ይሟሟ፣ ቀጥሎ ቫይታሚኑ፣ መጨረሻ ቡናው። ሽታው ለጉድ ነው፣ ጎረቤት "ምን አረረባችሁ?" ብሎ ይመጣል። የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ጎንደር ላይ በርሜል ውስጥ ያደረ ውሃ ብዙ ጊዜ ከዚያ አይርቅም።

ሦስት የፕላስቲክ ሳህን ደርድሩ፣ ዳግመኛ ምግብ የማይነካቸው። አንደኛው ዲቨሎፐር፣ ሁለተኛው ንጹህ ውሃ፣ ሦስተኛው ፊክሰር፣ ምስሉ መብራት ላይ እንዳይበላሽ የሚያጸናው። ፊክሰር የኤክስሬይ ዕቃ ከሚያቀርቡ የሕክምና መሣሪያ ነጋዴዎች ጠይቁ፣ የራጅ ፊልም በእጅ ሲታጠብ የሚጠቀሙበት ለእኛም ይሆናል። ወረቀቱን ዲቨሎፐሩ ውስጥ ባንዴ አጥልቁት፣ ሳህኑን ቀስ እያላችሁ አወዛውዙ፣ በቀዩ መብራት እያያችሁ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ። ቡናው ስለሚያጨልመው ብቅ እያደረጋችሁ ተመልከቱ። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ ብርሃን በዝቶበታል፣ 5 ደቂቃ ቆይቶም ገርጥቶ ከቀረ አንሶታል። ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ፊክሰር 3 ደቂቃ፣ ከዚያ መብራት አብሩና 5 ደቂቃ በንጹህ ውሃ እጠቡት። ውሃ በፈረቃ ከሆነ ባልዲ ውስጥ ስድስት ሰባት ጊዜ ውሃ መቀያየርም ያው ነው።

ያገለገለ ፊክሰር ውስጥ ብር፣ ማዕድኑ፣ አለ። ጓሮ ወይም ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ በጀሪካን አከማቹት።

እጃችሁ ላይ ያለው ኔጋቲቭ ነው፣ ነጩ ጥቁር። ጥላ ውስጥ በስልክ አንስታችሁ በማንኛውም ማስተካከያ አፕሊኬሽን ቀለሙን ገልብጡት፤ ይሄ ቀላሉ ነው። እውነተኛ ፎቶ ከፈለጋችሁ ኔጋቲቩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በአዲስ ወረቀት ላይ አስተኙ፣ መስታወት ጫኑበት፣ ነጭ መብራት ለአጭር ጊዜ አብሩና አጥፉ፣ እንደ በፊቱ እጠቡት።

ወደ ፊልም

ኔጋቲቮቻችሁ በተከታታይ ሳይጨልሙና ሳይገረጡ መውጣት ሲጀምሩ ወደ ፊልም እለፉ። ቀጣዩ ርካሽ እርከን የራጅ ፊልም ነው። ሆስፒታሎች ወደ ዲጂታል ስለሚዞሩ ያደረ ፓኬት ሊገኝ ይችላል። አረንጓዴ የሚያየው ዓይነት ቀይ መብራት ሥር ይሠራል፤ 24 በ30 ሴንቲ ሜትሩ አንዱ ሉክ አራት 4×5 ይወጣዋል። አይኤስኦ 80 ብላችሁ ሞክሩ። ኢሙልሽኑ (ብርሃን የሚያየው ቅባት) በሁለቱም ፊት ስለሆነ በጥፍር ይጫራል፤ ሳህኑ ሥር ለስላሳ መስታወት አንጥፉና አንድ አንድ እያደረጋችሁ እጠቡ።

ችግሩ በዚህ ፍጥነት ክዳን መክፈትና መዝጋት አይደረስበትም፣ ፀሐይ ላይ የሰከንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ ወጪው የሚመጣው አሁን ነው፦ ሸተር ያለው ያገለገለ 150 ሚሊ ሜትር ኤፍ/5.6 ሌንስ። ሽናይደር፣ ሮደንስቶክ፣ ኒኮር፣ ፉጂኖን፣ ያገኛችሁትን ውሰዱ፣ ልዩነታቸው ለጀማሪ አይታይም። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ የአንድ ሰከንዱን ሸተር በቪዲዮ ቀርጾ ይላክላችሁ፣ ድምፁን በሰዓት ለኩት፤ አሮጌ ሸተር የሚታመመው በቀርፋፋው ፍጥነት ነው። ካሜራ መቀየር ካማራችሁ በዋጋ ብዙ ጊዜ የሚረክሱት የስቱዲዮ ሞኖሬይል (በአንድ የብረት ሐዲድ ላይ የሚቆሙ) ካሜራዎች ናቸው፣ ግን ያን ብረት ተሸክሞ ቁስቋም ዳገት መውጣት ለእኔ ሲያልፍም አይነካኝ። ታጥፎ ቦርሳ የሚገባ እንደ ክራውን ግራፊክ ያለ አሮጌ የጋዜጠኛ ካሜራ ይሻላል።

ከመደበኛ ፊልሞች በዋጋ የሚቀርበው የቼኩ ፎማፓን 100 ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ አባን አስፈቅዳችሁ ጣሪያውን ልታነሱ ብትሄዱ ሜትሩ 10 ሰከንድ ቢላችሁ እንዳታምኑት፤ ይህ ፊልም በረጅም ኤክስፖዠር ስለሚደክም 80 ሰከንድ ነው የሚፈልገው። ሲታጠብ ደግሞ ቀይ መብራቱን አጥፉ። ፎማፓን ቀይም ያያል፣ ሆልደር ከመጫን እስከ ፊክሰር ድረስ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ በእጅ ዳሰሳ ነው። ፊልሙን በቁሙ ይዛችሁ ጠርዙ ላይ ተቆርጣ በጣት የምትዳሰሰው ምልክት በላይኛው ቀኝ ጥግ ጣታችሁ ሥር ከመጣች ኢሙልሽኑ ወደ እናንተ ዞሯል ማለት ነው። መብራት በርቶ ሳለ በአንድ የተበላሸ ሉክ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተለማመዱት።